ሳይክሉን ሳይሆን ልኩን ግዙ



ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ ስልኬን ስከፍት የአንድ የድሮ ተማሪዬ መልእክት ጠበቀኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን እንደኔው እዚሁ ዲሲ አካባቢ ይኖራል፤ ማታ ማታ ኡበር ይሠራል፣ ቅዳሜ ጠዋት ከክለብ ጋር ሳይክል ይነዳል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ውድድር ልጀምር ብሏል። የላከልኝ ፎቶ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም ቸርኬ ያለው የካርቦን ሳይክል። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ አዲሱ 7,000 ዶላር ነበር፤ ሰውዬው በ3,200 ይሰጠኛል። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው። ነገ ከሰዓት ልከፍል ነው፣ ምን ይሉኛል?»

አጭሩን መልስ ወዲያው ሰጠሁት፦ «ነገ እንዳትከፍል።»

ረጅሙን መልስ ግን እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ከናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ በተለያየ ጊዜ ጠይቃችሁኛል። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱን ልናዘዝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ልጅ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። ፎቶውን አየሁ፣ ስሙን አየሁ፣ ዋጋውን አየሁ። «አትለፈው፣ ግዛው!» አልኩት። ቁመትህ ስንት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዳ ስለሚውል ወገቡን እንደሚያመው አውቃለሁ፤ ግን ያን ሰዓት አላሰብኩትም። ሳይክሉ ለፕሮፌሽናል የተሠራ፣ መሪው ዝቅ ያለ፣ ርዝመቱ የተለጠጠ ነበር። ልጁ ሁለት ወር ታገለው። አንገቱ፣ ወገቡ፣ እጁ ደነዘዘ። መሪውን ከፍ ላድርግ ሲል መሪውና አንገቱ አንድ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት ተባለ፤ ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ብዙ መቶ ዶላር። በመጨረሻ በግማሽ ዋጋ ሸጠው። የሚያሳዝነኝ ገንዘቡ አይደለም። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሳይክል ላይ አልወጣም። «ለኔ የሚሆን ስፖርት አይደለም» ይላል። ስፖርቱ ይሆነው ነበር እኮ! ያልሆነው የኔ ምክር ነው።

ስለዚህ አሁን የምጽፈው ከዚያ ጥፋት የተማርኩትን ነው።

መካከለኛ ዋጋ ስል ከ2,500 እስከ 4,000 ዶላር ያለውን ማለቴ ነው። ለሀብታም ይሄ ትንሽ ብር ነው፤ ከ12,000 በላይ የሚሸጥ ሳይክል አለ። ለኛ ግን የሁለት ዓመት የሌሊት ሥራ ነው። አገር ቤት ከሚላከው ላይ የተቀነሰ ነው። ይሄን ብር የያዘ ሰው አንዴ ነው የሚተኩሰው፤ ከሳተ ሁለተኛ ጥይት የለውም። የሳይክል መጽሔቶች ምክር አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ጥይት ላለው ሰው የተጻፈ ነው የሚመስለኝ።

መጀመሪያ ልክ።

ተማሪዬ ቁመቱ 1 ሜትር ከ71 ነው። ፎቶ የላከልኝ ሳይክል ቁጥሩ 56 ነው። «ትንሽ ይተልቃል ግን ኮርቻውን ዝቅ አደርገዋለሁ» ይላል። ልጄ፣ ኮርቻ ዝቅ ማድረግ የእግርህን ጉዳይ ነው የሚፈታው። ከኮርቻ እስከ መሪ ያለውን ርቀት ምን ልታደርገው ነው? ጫማ ሰፋ ካለህ ካልሲ ትደርባለህ፤ ሳይክል ካልሲ የለውም። የመሪውን አንገት ማሳጠር ይቻላል፣ ግን ከልኩ በላይ ካሳጠርከው አነዳዱ ይበላሻል።

ደግሞ 56 የሚለው ቁጥር ራሱ አይታመንም። የአንዱ ፋብሪካ 54 የሌላው 56 ሊሆን ይችላል። እውነተኛው መለኪያ ሁለት ነው፦ ስታክ እና ሪች። ስታክ ከፔዳሉ መዞሪያ መሀል እስከ መሪው ቱቦ አናት ያለው ከፍታ ነው። ሪች ደግሞ ከዚያው መሀል ወደፊት ያለው አግድም ርቀት ነው። ሁለቱም በሚሊሜትር በየፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ ተጽፈዋል። አሁን የምትነዳትና የምትመችህ ሳይክል ካለች የእሷን ሁለት ቁጥር ፈልግ፣ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ አዲሱን ከዚያ ጋር አስተያይ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ለዚያኛው ልጅ ይህችን አሥር ደቂቃ ነው የነፈግኩት።

ሁለተኛ ክብደት።

እዚህ ላይ የድሮው ጠመኔዬን ላንሳ፣ ታገሱኝ። ጀማሪ ሳይክል ነጂ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ሳይክሉን በአንድ እጁ ማንሳት ነው። «ዋው፣ ላባ ነው!» ከዚያ ካርዱን ያወጣል። እስቲ እናስላው። አንተ ከነልብስህና ከነውሃህ 72 ኪሎ፣ ሳይክሉ 8 ኪሎ፤ ድምሩ 80። ሳይክሉን አንድ ኪሎ ብታቀለው ከ80 አንዱን ቀነስክ፣ 1.25 በመቶ ማለት ነው። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጉልበትህ በሙሉ ክብደት ለማንሳት ይሄዳል ብንል፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ዳገት 22 ሰከንድ ገደማ ቀድመህ ትጨርሰዋለህ። በቃ። ያቺን አንድ ኪሎ ለመቀነስ ደግሞ ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር ሊጠየቅብህ ይችላል። ለፕሮፌሽናል 22 ሰከንድ ሕይወት ነው፤ ክለብ ውስጥ ግን 22 ሰከንድ ቀድሞ የደረሰ ሰው ከላይ ቆሞ ሙዝ እየላጠ ጓደኞቹን ይጠብቃል።

ለነገሩ ዓለም አቀፉ የሳይክል ማኅበር ለውድድር ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ሳይክል አይፈቅድም። በመካከለኛ ዋጋ የምታገኘው ደህና ካርቦን ስምንት ኪሎ አካባቢ ነው። ካንተና ከፕሮፌሽናሉ ሳይክል መካከል ያለው ልዩነት አንድ ትልቅ የውሃ ኮዳ ነው።

ሦስተኛ አየር።

ሜዳ ላይ ጠላትህ ክብደት ሳይሆን አየር ነው። ከክፍል እንደምታስታውሱት (የማታስታውሱ ተማሪዎቼ ዜሮ!) አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ነው የሚያድገው። በሰዓት ከ20 ማይል ወደ 25 ማይል ለመድረስ አየሩን ብቻ ለመግፋት እጥፍ ኃይል ያስፈልግሃል። ታዲያ ኤሮ ሳይክል ልግዛ? ቆይ። ያንን አየር አብዛኛውን የሚመታው ሳይክሉ ሳይሆን የአንተ ገላ ነው። ክርንህን አጠፍ፣ ትከሻህን ጠበብ አድርገህ አንድ ሰዓት መቀመጥ ከቻልክ ማንኛውም የኤሮ ቴላዮ ከሚሰጥህ ይበልጣል። እንደዚያ ለመቀመጥ ደግሞ ሳይክሉ ልክህ መሆን አለበት። ዞረን ዞረን ልክ ላይ መጣን። ያ ሁሉ የኤሮ ዕቃ ኖሮህ አንገትህ አሞህ ቀና ካልክ፣ 3,200 ዶላርህ ነፋስ በላው ማለት ነው።

በክለብ ደግሞ ከሰው ኋላ ተጠግቶ መንዳት አለ። ሄይንስ ፖይንት ላይ ሦስት ማይል ገደማ የሆነውን ዙር ከቡድን ጋር የዞረ ያውቀዋል፤ መሀል ከገባህ እግርህ ይቀልልሃል፣ ከወጣህ ይከብድሃል። ይሄን ሱቅ አይሸጠውም፤ ቅዳሜ ጠዋት በነፃ ነው የሚሰጠው።

አራተኛ ማርሽና ፍሬን።

የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሺማኖ 105፣ ባለ 12፣ በኬብል የሚሠራው። ኤሌክትሪኩ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ ጣት ስታስነካው ይቀይራል። ነገር ግን በዚህ ዋጋ ኤሌክትሪክ ሲሰጡህ ብዙ ጊዜ ከቸርኬውና ከጎማው ላይ ቀንሰው ነው። ባለ 12ቱ ኡልቴግራና ዱራ ኤስ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ኬብል ከፈለግህ 105 የመጨረሻው እርከን ነው። ሠራተኛ ዕቃ ነው፣ አያሳፍርም። ኬብል ሲበጠስ ደግሞ አዲስ አበባም ሆነ ቨርጂኒያ የሚያስተካክልልህ ባለሙያ አይጠፋም። ለክረምት ይዤው አገር ቤት እሄዳለሁ የምትል ካለህ ይሄን አስብበት።

ፊት 50 እና 34፣ ኋላ እስከ 34 ጥርስ ያለው ይኑርህ። «34 የአያት ማርሽ ነው» ብለው የሚስቁ አሉ፤ ዳገቱ ላይ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ እኛም እንስቃለን። ፍሬኑ የዘይት ዲስክ ይሁን። ዝናብ ላይ ስለሚይዝ እንጂ ለመልኩ አይደለም።

ጎማ ሌላው የተናቀ ነገር ነው። ፋብሪካዎች ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚያረክሱት ጎማ ነው። ሁለት ጥሩ ባለ 28 ሚሊሜትር ጎማ በ150 ዶላር ግዛና አሮጌውን አውልቅ። ከዚህ በርካሽ ፍጥነት የሚሸጥ ቦታ አላውቅም። ድሮ 23 ሚሊሜትር ጎማ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር 110 ፒኤስአይ እንነፋ ነበር፤ አሁን ሰፋ ባለ ጎማ 70 ገደማ ይበቃል። ሻካራ አስፋልት ላይ ፍጥነትም ምቾትም ያገኛል። ስለዚህ ቴላዮው ቢያንስ 32 ጎማ የሚያስገባ መሆኑን ጠይቅ።

አምስተኛ፣ ሻጩ የማይነግርህ።

የአሁን ሳይክሎች ኬብልና የፍሬን ቱቦው በመሪው ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። ያምራል። ግን የመሪው ኩሽኔታ ሲያረጅ ለመቀየር የፍሬኑን ቱቦ መፍታት፣ ዘይቱን እንደገና ማስሞላት ሊኖርብህ ነው። የሃያ ደቂቃ ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። ላብ የሚያፈስ ሰው ደግሞ ኩሽኔታ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ፦ መሪውና አንገቱ ለየብቻ ይፈታሉ ወይ? የኮርቻው ዘንግ ሌላ ቦታ የሚገኝ ክብ ነው ወይስ የፋብሪካው ብቻ? የፔዳሉ መዞሪያ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው ወይስ ተገፍቶ የሚገባ? በጥርስ የሚጠመዘዘውን ምረጥ፤ ሌላው በየዳገቱ ሲጮህብህ ስሜን ታነሳለህ።

ስድስተኛ፣ ያገለገለ ካርቦን። እዚህ ላይ ሳቄን አቆማለሁ።

እኔ ራሴ የመጀመሪያ ካርቦኔን የገዛሁት ከግለሰብ ነው። ንጹሕ ነበር፣ ጭረት እንኳ የለውም። አንድ ዓመት ነዳሁት። ስካይላይን ድራይቭ ላይ ነፋሱ ዓይኔን እያስነባኝ ቁልቁል ወርጄበታለሁ። አንድ ቀን መሪው ትንሽ ሲንጫጫ ጊዜ ወደ ጋራዥ ወሰድኩት። ባለሙያው አንገቱን ፈታ፣ ባትሪ አበራ፣ ዝም አለ። ከዚያ ጠራኝና አሳየኝ። የፎርኬላው ቱቦ ላይ፣ ልክ አንገቱ በሚይዝበት ቦታ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። አንድ ሰው በሆነ ጊዜ ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቆታል። ባለሙያው «ልጆች አሉህ?» ነው ያለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ያስጠነቅቅሃል። ካርቦን ግን በሙጫ የተያያዘ የክር ድርብርብ ነው፤ ውስጡ ተጎድቶ ቀለሙ ሊያበራ ይችላል፣ ሲሄድም ባንዴ ይሄዳል። ይህ ማለት ካርቦን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በልኩ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። ግን ታሪኩን የማታውቀውን ካርቦን በፎቶ አይገዙትም። ያገለገለ መግዛት ግድ ከሆነብህ ከመክፈልህ በፊት ባለሙያ ዘንድ ይዘኸው ሂድ፣ ፎርኬላውን አስወልቀህ አሳይ። ሻጩ እንቢ ካለ መልስህን አገኘህ። ደግሞ የአብዛኞቹ ፋብሪካዎች ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ገዢ ብቻውን ነው። ቤትህም የብሎን ማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ይኑር። አብዛኛው የመሪ ብሎን አምስት ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ልክ ራሱ አንገቱ ላይ ተጽፏል። በክንድ ግምት አይጠበቅም።

አሁን «ቲቸር፣ ርካሽ ግዙ እያልክ ነው እንጂ ጥሩ ሳይክል እኮ ያነሳሳል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የክለባችን ሰዎች «አንዴ ግዛ፣ አንዴ አልቅስ» ባዮች ናቸው። እውነት አላቸው። ኮሪደር ላይ ቆሞ ስታየው ልብህን የሚያሞቀው ሳይክል ጠዋት 11 ሰዓት ከአልጋ ያስነሣሃል። ይሄን አልክድም፣ እኔም ሳይክሌን ጠርጌ ቆሜ የማየው ጊዜ አለ። ግን ፍቅሩ ከሳምንት በኋላ የሚቀጥለው ካልጎዳህ ነው።

ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ኤታፕ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲለብስ ሁላችንም ጮኸናል። የነዳው ኩብ ነበር። ያን ሰሞን «ኩብ ልግዛ ወይ?» የሚል መልእክት ስንት እንደደረሰኝ! ኩብ ጥሩ ሳይክል ነው። ግን ያንኑ ሳይክል የያዙ ሰባት የቡድን ጓደኞችም ነበሩት፤ አረንጓዴው አንድ ብቻ ነው። የኛው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ያደረሰው ሜሪዳው አይደለም፤ መቀሌ ዙሪያ ዳገት ላይ ያፈሰሰው ላብ ነው። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይላሉ አባቶቻችን።

ለውድድርም አንድ ነገር ልጨምር። የጀማሪ ውድድር ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ማንም ጥፋት ሳያጠፋ፣ ፊት ያለው ፍሬን ስለነካ ብቻ። ስለዚህ ሕጌ ይሄ ነው፦ ነገ ቢሰበር በሚቀጥለው ወር መተካት የማትችለውን ሳይክል ይዘህ ውድድር አትግባ። ይሄ ሕግ አንዳንዱን ሰው ወደ ጥሩ አሉሚኒየም ይወስደዋል። ይውሰደው! እንደ ካኖንዴል ካድ 13 ያለ አሉሚኒየም ይዞ ብዙ ባለካርቦን ያሳደደ ሰው አይቻለሁ።

እንግዲህ ለተማሪዬ የጻፍኩለት ሒሳብ ይሄ ነው። ከ3,200 ውስጥ 2,500ው ለአዲስ፣ ዋስትና ላለው፣ ልኩ ለሆነ ካርቦን፣ 105 ያለው። ያለፈው ዓመት ሞዴል ቅናሽ ላይ ሲወጣ ጠብቅ፣ ቀለም አትምረጥ። የጃያንት ቲሲአር ዓይነቱ፣ ለዳገትም ለሜዳም የሚሆን መካከለኛ ቅርጽ ያለው ይበቃሃል። ወገብህ የሚያስቸግርህ ከሆነ እንደ ጃያንት ዴፋይ ወይም ትሬክ ዶማኔ ያለ መሪው ከፍ ያለውን ውሰድ፤ በሱም ውድድር ይገባል፣ የሚከለክል ሕግ የለም። 250ው ልክ ለሚያስተካክል ባለሙያ። 150ው ለጎማ። 300ው ባንክ ይቀመጥ፤ ለካቴና፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለውድድር መመዝገቢያ። የሚቻል ከሆነ በአካል ሄደህ ከምትነዳው ሱቅ ግዛ። እንደ ካንየን ያሉት በኢንተርኔት በቀጥታ ስለሚሸጡ ዋጋቸው ይረክሳል፤ ግን ልክህን በትክክል ለማያውቅ ጀማሪ ያ ቅናሽ መልሶ ያስከፍላል።

ዛሬ ጠዋት መልስ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ሰውዬው ፎርኬላውን ላስፈትሽ ስለው ሌላ ገዢ አለኝ አለ።» ቀጥሎ ደግሞ «ትንሽ አዝኛለሁ» ይላል። ይዘን፣ ያልፋል። ቅዳሜ አብረን ሱቅ ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ሜትር ይዤ ነው የምሄደው።

ያኛው ልጅም፣ ይሄን እያነበብክ ከሆነ፣ ጋራዤ ውስጥ ላንተ ቁመት የምትሆን አንዲት አሮጌ አሉሚኒየም አለች። ጎማዋን ቀይሬ፣ ካቴናዋን ዘይት ቀብቼ አስቀምጫታለሁ። መሪዋ ከፍ ያለ ነው። ገንዘብ አልፈልግም። እሑድ ጠዋት ሄይንስ ፖይንት አንድ ዙር፣ ቀስ ብለን፣ ከዚያ ቡና። ጥፋቴን በዚህ ልካስ።

እናንተም ስትገዙ የተሳሳታችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሌላው ይማርበታል። ሳይክል ሊገዛ ቦርሳውን የከፈተ ወዳጅ ካላችሁም ሸር አድርጉለት። ብቻ ከመክፈሉ በፊት ይሁን።

መልካም ሳምንት።